ሁለት ዓይነት ወፍ ወይስ ባልና ሚስት? ስለ ደቡብ ባሕር ሞጭላፊዎች

ጥያቄው የደረሰኝ ከኮምቦልቻ ነው። አሳጥሬ ላስቀምጠው።

«ከአሥር ዓመት ልጄ ጋር ስለ አንታርክቲካ ፊልም እያየን ነበር። የፔንግዊን እንቁላል የሚሰርቁ ቡናማ ወፎች መጡ። መጀመሪያ ከሥር ‹ቡናማ ስኩዋ› የሚል ጽሑፍ ወጣ። ቆየት ብሎ ያንኑ የሚመስል ወፍ ታየና ‹የደቡብ ዋልታ ስኩዋ› ተባለ። ልጄ ‹ባልና ሚስት ናቸው፤ ትልቁ ባልየው ነው› ይላል። እኔ ደግሞ ስማቸው ከተለያየ ሁለት ዓይነት ወፍ ናቸው አልኩት። በኳስ ተወራርደናል። ቴሌቪዥኑን አቁሜ በስልኬ ያነሳሁትን ፎቶ ልኬልዎታለሁ። ማናችን ነን ትክክል? በዚያውም፣ እነዚህ ወፎች የእኛ ጭልፊት ዘመድ ናቸው እንዴ? ሥራቸው ቁርጥ የእሱ ነው።»

እህቴ፣ ውርርዱን ለጊዜው እርስዎ እየመሩ ነው። ግን የኳሱን ብር ሌላ ነገር ላይ እንዳያውሉት።

በጭልፊቱ ልጀምር፤ እሱ ላይ ቂም አለኝ። አንድ ቅዳሜ ደሴ ፒያሳ ከሥጋ ቤት ግማሽ ኪሎ ገዝቼ፣ ፌስታሉን እያወዛወዝኩ መንገድ ስሻገር ከኋላዬ የክንፍ ድምፅ ሰማሁ። ዞር ከማለቴ ፌስታሉ ተተርትሯል። ሥጋው ግማሹ አስፋልት ላይ፣ ግማሹ አየር ላይ ነው። ጭልፊቱ አፍታም አላረፈም። በእግሩ እንደጨበጠ ወደ ጦሳ አቅጣጫ ከፍ አለ። እየበረረ እግሩን ወደ አፉ እያመጣ ይጎርሳል። አንድ ሊስትሮ «ጋሼ፣ በዱቤ ነው የወሰደው!» አለኝ። መንገደኛው ሁሉ ሳቀ።

አሁን ነገሩ ላይ ላተኩር። ጭልፊቱ ሥጋውን የያዘው በእግሩ ነው። ስኩዋ ይህን አይችልም። የስኩዋ እግር የዳክዬ እግር ነው፤ ጣቶቹ በቆዳ ተያይዘዋል። ጫፋቸው ላይ ግን የተቆለመመ ስለታም ጥፍር አለ። የዳክዬ ጫማ ላይ የጭልፊት ጥፍር የሰፋ ሰው ያለ ይመስላል። መዋኘት ይችልበታል፤ ጨብጦ መብረር ግን አይሆንለትም። እንቁላሉን የሚወስደው በመንቁሩ ነው። ጫጩት ሲገድልም ጎትቶ፣ ቀጥቅጦ፣ በመንቁሩ ቦጫጭቆ ነው።

ዝምድናም የላቸውም። ጭልፊት ከንስርና ከጥንብ አንሳ ወገን ነው። ስኩዋ ደግሞ ገል ከሚባሉት፣ በስምጥ ሸለቆ ሐይቆቻችን ዳር ነጭና ግራጫ ሆነው ከሚታዩት ወፎች ጋር ይመደባል። ከኮምቦልቻ ወደ ከሚሴ ሲወርዱ ጨፋ ረግረግ ላይ ረጅም እግር ያላት፣ ጉንጯ ነጭ፣ አናቷ ጥቁር የሆነች፣ ሰው ገና ከሩቅ ሲመጣ የምትጮህ ወፍ አይተው ይሆናል። ያቺ ወፍ ከጭልፊቱ ይልቅ ለስኩዋ የቀረበች ዘመድ ናት። የቆለመመው መንቁርና ሌብነቱ ከሥራ የመጣ መመሳሰል ነው። ሁለት የማይተዋወቁ ብረት ቀጥቃጮች መዳፋቸው አንድ ዓይነት ይሆን የለ? እንደዚያ ነው።

በዓለም ላይ 7 የስኩዋ ዓይነቶች አሉ። ሳይንሳዊ የወል ስማቸው ስተርኮራሪየስ ይባላል። ከላቲኑ «ፋንድያ» ከሚለው ቃል የመጣ ነው። የጥንቶቹ ሰዎች ስኩዋ ሌላ ወፍ እያሳደደ ከኋላው የሚወድቀውን ነገር ሲቀልብ አይተው ኩሱን የሚበላ መሰላቸው። ኩስ አልነበረም። የተሳደደው ወፍ ነፍሱን ለማዳን ከጉሮሮው የሚተፋው ዓሣ ነው። ስሙ ግን እንደዚያው ቀረ። ስድብ አንዴ ከተለጠፈ አይለቅም።

ባሕር በሌለው አገር ተወልዶ የባሕር ወፍ ማጥናት ምን እንደሆነ አባቴ እስከ መጨረሻው አልገባውም ነበር። ኬፕታውን ሁለት ዓመት ስማር በክረምታቸው ከዓሣ አጥማጅ መርከብ ኋላ የሚሰበሰቡትን ወፎች ለማየት በትንሽ ጀልባ እንወጣ ነበር። መረቡ ሲጎተት ሰማዩ በወፍ ይሸፈናል። አንድ ቀን ከዚያ ግርግር ውስጥ አንድ ቡናማ ወፍ ወጣ። አካሄዱ ከሌሎቹ ይለያል። ሌሎቹ ዓሣ ይፈልጋሉ፤ እሱ ዓሣ የበላውን ይፈልጋል። ጋኔት የሚባል ከእሱ በክብደት የሚበልጥ ነጭ ወፍ መረጠ። ከኋላ ደረሰበትና የክንፉን ጫፍ በመንቁሩ ያዘ። ጋኔቱ አየር ላይ ተገለበጠ። አፉን ከፍቶ አንድ ሁለት ዓሣ ተፋ። ቡናማው ክንፉን ለቀቀው፤ ዓሣው ውሃውን ሳይነካ ቀለበው። ከአሥር ሰከንድ አይበልጥም። እኔ በባሕር በሽታ እያስመለሰኝ ስለነበር ለጋኔቱ አዘንኩለት።

ያ ቡናማው ስኩዋ ነበር። በሁለት ዓመት እዚያ ያየሁት ሁሉ እሱ ነው። የደቡብ ዋልታውን በእጄ የነካሁት ሞቶ፣ ደርቆ፣ ሙዝየም ውስጥ መሳቢያ ላይ በጀርባው ተኝቶ ነው። ዓይኑ ጥጥ ነው፤ እግሩ ላይ በክር የታሰረ ወረቀት አለ። ጎኑ ቡናማውን አስተኛሁት። ፎቶ ላይ መንታ የሚመስሉት ወፎች መሳቢያ ውስጥ ታላቅና ታናሽ ሆኑ። የቡናማው መንቁር ወፍራም ነው፤ አውራ ጣቴን ያክላል። የደቡብ ዋልታው ቀጠን ያለ ነው። የቡናማው ራስና አንገት አንድ ላይ ደንድኖ የወጠምሻ አንገት ይመስላል። የሌላው ራስ ትንሽ፣ ድቡልቡል፣ እንደ እርግብ ገር ነው። ገር የሚለውን ለመልኩ ብቻ ነው ያልኩት።

በክብደት የደቡብ ዋልታው አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ኪሎ ትንሽ ከፍ ይላል። ቡናማው ከ1.5 እስከ 2 ኪሎ የሚደርስ ነው። የኮምቦልቻ ጭልፊት ክንፉን ሲዘረጋ ከደቡብ ዋልታው ስኩዋ አያንስም፤ ሚዛን ላይ ግን አንድ ኪሎ አይሞላም። ጭልፊት የሚንሳፈፍ ወፍ ነው። ስኩዋ ድፍን ጡንቻ ነው።

ቀለሙን የተውኩት ስለሚያታልል ነው። ስሙ «ቡናማ» ስለሆነ ሰው ሁሉ ቀለም ይፈልጋል። እርስዎም ሳይፈልጉ አልቀሩም። ቡናማው በእርግጥ ሞቅ ያለ የቡና ቀለም አለው፤ ጀርባው ላይ ደግሞ ፈዛዛ ነጠብጣብ ተረጭቶበታል። የደቡብ ዋልታው ቀዝቃዛ፣ ወደ አመድ የሚያደላ፣ ነጠብጣብ የሌለበት ቀለም ነው። ችግሩ ይህኛው እንደ ጤፍ መሆኑ ነው። ነጩ አለ፣ ሰርገኛው አለ፣ ጥቁሩ አለ። ነጩ ከመጣ ተገላገልን፤ ራሱና ደረቱ ፈዛዛ፣ ክንፉ ጥቁር ስለሆነ ከሩቅ ይለያል። ማጅራቱ ላይ ወርቅማ ጭረት ያለበትም አለ። ጥቁሩ ሲመጣ ግን ነገር ይበላሻል። በዚያ ላይ ላባው በፀሐይና በጨው ይነጣል፤ በወቅቱ መጨረሻ ሁለቱም የሰነበተ ጃኬት ይመስላሉ። ክንፋቸው ላይ የምትታየው ነጭ ምልክት የሁለቱም ስለሆነች ለመለየት አትጠቅምም።

እኔ ቀለም ከማየቴ በፊት የምጠይቀው ሌላ ነው። የት ነው ያለው? ምን እየበላ ነው?

ቡናማው ስኩዋ የሚራባው በደቡብ ውቅያኖስ ደሴቶችና በአንታርክቲካ ባሕረ ገብ መሬት ጫፍ ነው። የደቡብ ዋልታው ደግሞ በአንታርክቲካ ዳርቻ ዙሪያውን፣ ወደ ውስጥ ጠልቆ ነው። ዋልታው ነጥብ ላይ ሳይቀር ታይቷል፤ እዚያ ድረስ ሲዘልቁ የታዩት ወፎች በጣም ጥቂት ናቸው። ሮስ ባሕር በሚባለው በኩል ቡናማው አይራባም። ስለዚህ ፊልሙ እዚያ የተቀረጸ ቢሆን ኖሮ የእንቁላሉ ሌባ የደቡብ ዋልታው ነው ብዬ ዓይኔን ጨፍኜ እፈርም ነበር። በሳይንሳዊ ስሙ ላይ ያለው ማኮርሚክም እ.ኤ.አ. ከ1839 እስከ 1843 ከጄምስ ክላርክ ሮስ ጋር ወደዚያ የተጓዘ የመርከብ ሐኪም ነው።

ነገሩ የሚጥመው ሁለቱ በሚገናኙበት ቦታ ነው። ባሕረ ገብ መሬቱ ላይና አጠገቡ ባሉት ደሴቶች ሁለቱም ይራባሉ። እዚያ የሥጋ ቤት ደጃፍ ሕግ ይሠራል። ኮምቦልቻ ውስጥ አይተውት ይሆናል። ደጃፉ ላይ አንድ ትልቅ ውሻ ይተኛል። አጥንት ሲወረወር ሌሎቹ ቀና ብለው ያያሉ እንጂ አይጠጉም። ፔንግዊን የሚፈለፈልበት ቦታ ደጃፉ ነው፤ ቡናማው ትልቁ ውሻ ነው። ቀደም ብሎ መራባት ይጀምራል፣ ፔንግዊኖቹን ከነቦታቸው ይከልላል። አንድ ጥንድ ቡናማ ስኩዋ በመቶዎች፣ አንዳንዴም በሺዎች የሚቆጠሩ የፔንግዊን ጎጆዎችን «የእኔ ናቸው» ብሎ ይጠብቃል። የሚጠብቀው ለራሱ ምሳ ነው። ሌላ ስኩዋ ድርሽ ካለ ውጊያ ነው።

ትንሹስ? ወደ ባሕር ይወጣል። ዓሣ ያጠምዳል፤ በተለይ በዚያ ባሕር በብዛት የሚገኝ፣ ብርማ፣ የአንድ ስንዝር ያህል ዓሣ አለ። ጉልበት ስላነሰው ርቆ መብረርን ሥራዬ ብሎ ይዞታል። ኑሮው ግን በዕድል ላይ የተንጠለጠለ ነው። ዓሣ በጠፋበት ዓመት ብዙዎቹ ጫጩት ሳያደርሱ ይቀራሉ። ቡናማው በዚያው ዓመት ደጃፉ ላይ ተኝቶ ልጆቹን ያሳድጋል። ሁለቱም አብዛኛውን ጊዜ ሁለት እንቁላል ይጥላሉ። በደቡብ ዋልታው ዘንድ ቀድሞ የተፈለፈለው ጫጩት ታናሹን እየደበደበ ከጎጆ ማባረሩ የተለመደ ነው። ፊልሞች ይህን ሲያሳዩ የሚያሳዝን ሙዚቃ ይጨምሩበታል። እኔ ግን የሁለቱን ስኩዋዎች ልዩነት በአንድ ነገር ግለጽ ብባል ደጃፍና ባሕር እላለሁ፤ ላባውን የማነሳው ከዚያ በኋላ ነው።

አሁን ወደ ልጅዎ ልምጣ። ሁለት ነገር ነው ያለው። አንደኛ፣ ትልቁ ወንድ ነው ብሏል። ይህ ስህተት ነው። በስኩዋ ቤት ሴቷ ከወንዱ ትበልጣለች፤ በሁለቱም ዓይነት። ሁለተኛ፣ ባልና ሚስት ናቸው ብሏል። በመጽሐፉ ብንሄድ ይህም ስህተት ነው፤ ሁለት የተለያዩ ዓይነቶች ናቸውና።

ወፎቹ ግን መጽሐፉን አላነበቡም። ሁለቱ በሚገናኙበት በዚያው አካባቢ ይጋባሉ። እንቁላል ይጥላሉ፣ ጫጩት ያሳድጋሉ። ድብልቆቹም መካን አይደሉም፤ አድገው ከሁለቱም ወገን ጋር ይራባሉ። የሚገርመው ጋብቻው በአብዛኛው አንድ አቅጣጫ ብቻ መሆኑ ነው። ባልየው የደቡብ ዋልታው፣ ሚስቲቱ ቡናማዋ ናት። ሴቷ ትልቅ መሆኗ የለመዱት ነው። ትንሹ ወንድ ከትልቋ ሴት ጋር ሲቆም መጠኑ የተለመደውን ባልና ሚስት ይመስላል። በተገላቢጦሽ ግን ትልቅ ወንድ ከትንሽ ሴት ጋር ይሆንና ቅር የሚያሰኛቸው ይመስለኛል። ይህ የመጨረሻው የእኔ ግምት ነው። ጋብቻው ግን በጎጆ በጎጆ የተቆጠረ ነው።

ታዲያ ለምን ሁለት ዓይነት ይባላሉ? አብዛኞቹ የራሳቸውን ወገን ስለሚያገቡ ነው። ክረምታቸውም ለየቅል ነው። ቡናማው ልጆቹን ካሳደገ በኋላ በደቡቡ ባሕር ላይ ይንከራተታል፤ ኬፕታውን ያየሁት እንደዚያ ሆኖ ነው። የደቡብ ዋልታው ምድር ወገብን አቋርጦ ወደ ሰሜን ፓስፊክና ወደ ሰሜን አትላንቲክ ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ1975 መጀመሪያ ላይ በአንታርክቲካ ጫጩት ሳለ እግሩ ላይ ቀለበት የታሰረለት አንዱ፣ በዚያው ዓመት ግሪንላንድ ላይ ተገኝቷል። ጥቂት ወር የሆነው ልጅ፣ መንገድ መሪ ሳይኖረው፣ ከዓለም ግርጌ ወደ ዓለም ራስጌ። የእኔ ልጅ ከሸዋ በር ቧንቧ ውሃ ለመድረስ አሁንም ታክሲ ይጠፋበታል።

ልጅዎ ይህኛውን ደግሞ ይወደዋል። ሁለቱም ስኩዋዎች ጎጇቸው አጠገብ የደረሰን ሰው አይምሩም። ከፊት ለፊት ዝቅ ብለው መጥተው አናት ይመታሉ። የሚመቱት ከፍ ያለውን ነገር ስለሆነ ተመራማሪዎች ዱላ ከራሳቸው በላይ ይዘው ይሄዳሉ። እ.ኤ.አ. በ2016 ደግሞ የደቡብ ኮሪያ ተመራማሪዎች ኪንግ ጆርጅ ደሴት ላይ አንድ ነገር አሳዩ። ወደ ቡናማ ስኩዋ ጎጆ በተደጋጋሚ የሄደውን ሰውና ሄዶ የማያውቀውን ሰው አንድ ዓይነት ልብስ አልብሰው አቀረቧቸው። ወፎቹ ጎጆ የነካውን ለይተው ተከተሉት። ሰው ከሰው ይለያሉ ማለት ነው። እኛ እነሱን መለየት አቅቶናል።

ደስ የማይለውን ሳልናገር ባልፍ ሐሰት ይሆንብኛል። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2023 ኃይለኛው የወፍ ጉንፋን በደቡብ አትላንቲክ ካሉት የደቡብ ጆርጂያ ደሴቶች በአንዱ ላይ ተገኘ። መጀመሪያ የተያዙት ቡናማ ስኩዋዎች ናቸው። በየካቲት 2024 በዋናው የአንታርክቲካ ምድር ላይም ተረጋገጠ፤ ያኔም የተገኘው በሞቱ ስኩዋዎች ላይ ነው። ነገሩ ግልጽ ነው። የሞተ የሚበላ ወፍ፣ ሟቹን የገደለውን በሽታም ይበላል። ማን የት ድረስ እንደሚበር ማወቅ የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው፤ ደቡብ የሚቀረውና ግሪንላንድ የሚደርሰው ለበሽታ አንድ አይደሉም።

ወደ ፎቶዎ ልመለስ። ከሥር «ኪንግ ጆርጅ ደሴት» የሚል ጽሑፍ በከፊል ይነበባል። ይህ ሁለቱም የሚራቡበት፣ የሚጋቡበትም ደሴት ነው። ሦስት ወፎች አሉ። በግራ ያለው አንገቱ የደነደነ፣ ጀርባው ነጠብጣብ ያለበት፣ መንቁሩ ወፍራም ነው። ቡናማው ነው፤ አልጠራጠርም። በቀኝ ያለው ራሱ አነስ ያለ፣ ደረቱ የሰርገኛ ጤፍ እንጀራ የሚመስል፣ አንድ ወጥ ነው። የደቡብ ዋልታው ነው። ከኋላ የሚበረው ሦስተኛ መጠኑም ቀለሙም መሃል ላይ ነው። ርቀቱ ይሆን፣ ድብልቅ ይሆን፣ ከፎቶ መፍረድ አይቻልም። እኔ መዝገቤ ላይ «ስኩዋ» ብዬ ብቻ እጽፈዋለሁ። እንደዚያ ብሎ መጻፍ ነውር አይደለም፤ በዚያ ደሴት የሚሠሩትም ያደርጉታል።

ስለዚህ እርስዎ «ሁለት ዓይነት ናቸው» ያሉት ትክክል ነው። ግን ፎቶው ከእግራቸው በላይ ነው የተነሳው፤ ከሥራቸው ያለው ነገር አይታይም። ፊልሙን ካቆሙበት ያስቀጥሉት። አንደኛው ተነስቶ ሲሄድ ሌላኛው መጥቶ እንቁላሉ ላይ ከተቀመጠ፣ ባልና ሚስት ናቸው። ያን ጊዜ የኳሱን ብር እኩል ያዋጣሉ። ልጅዎን ግን ባልየው ትንሹ መሆኑን ይንገሩልኝ።